በግድግዳው ውስጥ የሚወርደው ውሃ

አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት ግድግዳ ሲበሳ ኖሮ፣ የመጨረሻውን ግድግዳ የበሳው ለዓሣ ነው። መሰርሰሪያው ጆሮውን ቀስ በቀስ ስለበላበት፣ ስናወራው ከንፈራችንን ያያል።

እናቴ በታመመች በሁለተኛው ዓመት ከአልጋ መነሣት አቃታት። ሕመሙ ሌሊት ስለሚጠናባት እንቅልፍ የሚሞክራት ከምሳ በኋላ ብቻ ነበር። ፎቅ ላይ ባለው ክፍሏ፣ ከአልጋዋ ጎን የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ፤ ዓይኗ ከዚያ አይነቀልም። ችግሩ ገንዳው ሥር ያለው ማጣሪያ ነው፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ያጉረመርማል። ዓሣዎቹ ሳሎን ይሂዱ ስንላት፣ «እኔንም አብራችሁ አውጡኛ!» አለች።

ያኔ አባቴ እርሳስ አነሣ። ማጣሪያውንና ሞተሩን ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ወዳለው ዕቃ ቤት ሊያወርዳቸው አሰበ። በአንድ ቧንቧ ውሃው ወርዶ ይጣራል፤ በሌላው ሞተሩ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሦስተኛው ለክፉ ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ቢደፈን ቤቱ በውሃ እንዳይጥለቀለቅ። ሁለት ወር ሙሉ ሣለ፣ ደለዘ። ቧንቧው በታጠፈ ቁጥር ሞተሩ ጉልበት ያጣል ብሎ ማጠፊያዎቹን ከሰባት ወደ አራት አወረዳቸው። መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚሸሸው ውሃ ማረፊያ እንዲያገኝ፣ የታችኛውን ገንዳ ሲሶ ባዶ ተወለት።

«ለዓሣ እንዲህ ትጨነቃለህ፤ የኩሽናዬ ቧንቧ ግን ዐሥር ዓመት ይንጠባጠባል» ትለዋለች እናቴ።

«ዓሣዎቹ አይጨቀጭቁኝማ!»

«ሲጨቀጭቁህ ነው የሚውሉት፤ አንተ አትሰማም እንጂ።»

ደረጃው በራስጌዋ በኩል ስለሆነ ቧንቧው የግድ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ማለፍ ነበረበት። እንዳይረብሻት፣ የሚበሳው እሷ ለሕክምና በምትሄድባቸው ቀናት ብቻ ነበር። ስትመለስ ወለሉ ተወልውሎ፣ እሱ ወገቡን ይዞ ይጠብቃታል።

ሞተሩ ታች ሥራ ሲጀምር እኔ እሷ ዘንድ ነበርኩ። ጉርምርምታው በእርግጥ ጠፋ። ግን ወደ ታች የሚወርደው ውሃ ከራስጌዋ ግድግዳ ውስጥ ይንቦጫረቅ፣ ይንዶቀዶቅ ጀመር። አባቴ አቧራውን እንደለበሰ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ ፊቷ ቆመ።

«እህ? የሚሰማሽ ነገር አለ?»

እናቴ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ እሱን።

«ጸጥ ብሏል» አለችው። «እንዲያውም ጸጥታው አስፈራኝ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲወጣ ጠብቄ፣ «እማዬ፣ ይሰማል እኮ!» አልኳት።

«ዝም በይ፣ የኔ ልጅ። ግድግዳውን እንደገና ሊያፈርስ ነው? ወገቡን አላየሽውም?»

ለአባቴ አልነገርኩትም። አራት ወር ሙሉ፣ ከምሳ በኋላ የእሱ ጥላ በበሩ ሲያልፍ ዓይኗን ትከድናለች፤ ሲሄድ ትገልጣለች። እሱ ደግሞ ተኛችልኝ እያለ በጫማው ጫፍ ይራመድ ነበር።

ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ልታጽናናን መጥታ እዚያው ክፍል ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ጆሮዋን ቀሰረች።

«ኧረ ግድግዳችሁ ውስጥ ውሃ ይፈሳል! ቧንቧ ፈንድቶ እንዳይሆን?»

«የዓሣዎቹ ነው» አላት አባቴ። «ድምፅ የለውም።»

«የለውም? እኔ ከደረጃው ጀምሮ እየሰማሁት!»

ወደ እኔ ዞረ። አቀረቀርኩ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አኑሮ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረደ። ተከተልኩት።

«ውሃው አየር እየሳበ ነው የሚጮኸው» አለ። የሚወርደውን ቧንቧ መዝጊያ በሁለት ጣቱ ይዞ በጥቂቱ ጠበቅ አደረገው፤ ሩብ ዙር እንኳ አይሞላም። «ውጪና አዳምጪ።»

ወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ የጎረቤታችን ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ወርጄ «ቆሟል» አልኩት።

«እናትሽ ትሰማ ነበር?»

«ግድግዳውን ታፈርሳለህ ብላ ነው፣ አባዬ።»

«ምን ማፍረስ አለው?» እጁን ከመዝጊያው አላነሣም። «በጣት ነው እኮ የሚስተካከለው። እኔ ጆሮ ስለሌለኝ እሷን ጠየቅኳት። አንቺስ?»

ትንሽ ጠበቀኝና መብራቱን ሳያጠፋ ወጥቶ ሄደ።