እትዬ ሙሉነሽ አበባ ልታይ ስትወጣ

የበልግ ዝናብ በጣለ በሳምንቱ ጂንካ በቡና አበባ ሽታ ትታጠናለች። ሽታው ከየጓሮው ይነሣና ባጃጅ የሚንጫጫበት አስፋልት ድረስ ይዘልቃል። ሰው ሁሉ ያሸተዋል፤ ከየት እንደመጣ ለይቶ የሚናገረው ግን እኔ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ይሄ ከላይኛው ሰፈር ነው፣ ያኛው ከወንዙ ዳር ነው እላለሁ፤ ተሳስቼም አላውቅም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከስኳር ጆንያ ላይ ነው፤ ጽጌረዳ ማዳቀልን ያስተማሩኝም የገዛ ጣቶቼ ናቸው። የግብርና ባለሙያዎች «ትሬኒንግ» ሊሰጡኝ ይመጡና ከእኔ ተምረው ይመለሳሉ። ይህ ሽታ ሲመጣ ግን ቤት መቀመጥ ያቅተኛል። ይህን ያስለመደችኝ እትዬ ሙሉነሽ ናት።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ነበረች። ከጎፋ የመጣች፣ ሸማኔ ባሏ የሞተባት ሴት። አንድ ልጇ ደምሴ የአባቱን የሸማ ጉድጓድ ወርሶ ይሠራ ነበር። በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ ቀበሌው ሲመለምል ደምሴ ካኪ ለብሶ በጭነት መኪና ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እትዬ ሙሉነሽ ጉድጓዱን ዝናብ እንዳይገባበት በቆርቆሮ ከደነችው። እንዝርቷን ይዛ መቀመጥ ግን አልቻለችም። ጥቂት ትፈትልና ተነሥታ መንገዱን ታያለች። የጋሽ ሰይድ ሱቅ ራዲዮ ዜና ሲጀምር ትሮጣለች፤ ዜናው ሳያልቅ ትመለሳለች።

ዝናብ ጥሎ አበባ ሲፈነዳ መውጫ ምክንያት አገኘች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ኮንጎ ጫማዋን አጥልቃ፣ «ና፣ የሰው አበባ እንይ» ትለኛለች። እኔን የምትጠራው የማላውቀው ጓሮ ስላልነበረ ነው። የማን ጽጌረዳ እንደፈካ፣ የማን ኮርች ዛፍ ቀይ አበባ እንደለበሰ በዚያ ዕድሜዬ እንኳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱን ግቢ ሳንጨርስ ዓይኗ የሚቀጥለው አጥር ላይ ነው። የቡና አበባ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል፤ «ሳይረግፍ፣ ሳይረግፍ» እያለች ትጣደፋለች፤ እኔ ከኋላ።

በየግቢው የምታደርገው አንድ ነው። አበባውን ታያለች፣ ታደንቃለች፣ ልትወጣ ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ከወዲያ፣ ከጦርነቱ የመጣ ሰው እንዳለ ትጠይቃለች። የለም ይሏታል። የለም ብሎ ባዶ እጇን መሸኘት ደግሞ ለማንም ከበደ። መጀመሪያ አንዷ ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጠቻት፤ ሌላውም ቆረጠ፤ ልማድ ሆነ። ወሬ የሌለው ሁሉ ቅርንጫፍ ይሰጣታል። እሷም ያን ታቅፋ ስትወጣ ፊቷ ይፈታል፤ ወሬ የለም ማለት ክፉ ወሬም የለም ማለት ነውና። ቤቷ ስትደርስ ወዲያው ትተክለዋለች። የሚቀልድባት ጋሽ ሰይድ ብቻ ነበር።

«ሙሉዬ፣ ጽጌረዳዬ ከትናንት ወዲህ ምንም አልጨመረም። ምን ልታይ መጣሽ?»

«አንተ ስኳር ስትመዝን ትውላለህ፤ መጨመሩን መች ታየዋለህ።»

እየሳቀ ይቆርጥላታል።

ሁለት በልግ እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ግን የማትገባበት ግቢ ተገኘ። ታምሩ የሚባል፣ ከደምሴ ጋር በአንድ መኪና የሄደ ልጅ፣ በዚያ በጋ በክራንች ተደግፎ ተመልሶ ነበር። ቤቱ ከአውሮፕላን ሜዳው በላይ ነው፤ የአባቱ ጽጌረዳ ከከተማው ሁሉ ቀድሞ ያብባል። እዚያ ስንደርስ እትዬ ሙሉነሽ መንገዱን ተሻግራ በወዲያኛው ዳር ታልፋለች።

«እትዬ፣ የታምሩን አናይም?» አልኳት።

«የእሱ ገና አላበበም።»

ቀዩ ከአጥሩ በላይ ይታያል። አብቧል ብዬ ተከራከርኩ፤ በአበባ ነገር ተሸንፌ አላውቅም።

«አላበበም አልኩህ» አለችና እርምጃዋን አፈጠነች።

የቡናው አበባ መርገፍ በጀመረበት ጠዋት መቀመጥ ጨርሶ አቃታት። ዝናብ ያጠገበውን ተክል ውኃ ስታጠጣ አየኋት። ከዚያ ጣሳውን ጥላ ወጣች፤ ተከተልኳት። የማንንም በር ሳታይ ቀጥታ ታምሩ ግቢ ገባች። ታምሩ ክራንቹን ፈልጎ ተነሣ። ጽጌረዳውን ዞራ ዞራ አየችው። መቼ እንደተገረዘ ጠየቀች፤ ምን ፍግ እንደተደረገለት ጠየቀች፤ ነጩ ከማን ቤት እንደመጣ ጠየቀች። እሱ መሬት መሬት እያየ መለሰ። የደምሴን ስም ማንም አላነሣም።

«በል፣ ልሂድ» አለች።

አልሄደችም። እንደ ሌላው ሰው አንድ ቅርንጫፍ እንዲቆርጥላት እጇን ወደ ጽጌረዳው ዘርግታ ቆመች። ቢላዋው አጠገቡ ድንጋይ ላይ ነበር። ታምሩ አየው፤ አላነሣውም።

«እትዬ ሙሉነሽ» አለ፤ «ተቀመጪ።»

እሷም ነጠላዋን ሰብስባ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች።

ለለቅሶው ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ከግቢዋ ጠፋ። ከዳር እስከ ዳር የሰው ሁሉ ቅርንጫፍ ጸድቆ ነበር። ወጣቶቹ ገጀራ ይዘው እንመንጥር ሲሉ ጋሽ ሰይድ ገጀራውን ነጥቆ ድንኳኑን መንገድ ላይ አስተከለ። ለቅሶው እስኪያበቃ መኪና ሁሉ በሌላ በኩል ዞረ።

በሚቀጥለው በልግ እትዬ ሙሉነሽ ከቤቷ አልወጣችም። እኛ ሄድን፤ አበባ ልናይ መጣን እያልን። ምን እንደምንላት ስለማናውቅ በተክሎቹ መካከል እንቆማለን። ታየንና ቢላዋ ታመጣለች፤ እየቆረጠች ትሰጠናለች። ዛሬ ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚያደንቃቸው ጽጌረዳዎቼ ዘራቸው የእሷ ነው፤ ማሳመሩ የእኔ። ኋላ ወንድሟ መጥቶ ወደ ጎፋ ወሰዳት፤ እዚያው አረፈች ሲባል ሰማን። ግቢዋ ላይ ዛሬ ብሎኬት ቤት ተሠርቶበታል።

በዚህ ሰፈር ግን እስካሁን፣ ዝናብ ጥሎ ሰው በር ገፍቶ ሲገባ ምን ፈልገህ ነው አይባልም። አበባውን አብረነው እናያለን፤ የመጣበትን እስኪናገር እንጠብቃለን።