እናና ያስታጠበችበት ዝክር

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ምግብ ቤት ገብቼ ስታጠብ ቀዩ ሳሙና ሸተተኝና የዛሬ አምስት ዓመቱ የማርያም ዝክራችን ትዝ አለኝ።

ታላቅ እህቴ እናና ነገር ቶሎ አይገባትም። እንግዳ ማስታጠብን በእኔ እጅ ላይ ወር ሙሉ በዚሁ ቀይ ሳሙና ተለማመደች። «ማንንም እንዳታልፊ» አልናት፤ ያዘችው።

በዝክሩ ቀን ከጎረቤታችን ከየኔታ ጀመረች፤ ጠብታ አላፈሰሰችም። ከደጀን የመጣችው አክስታችን ዘንድ ስትደርስ ግን አክስቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

«ይቺ ጅል ናት የምታስታጥበኝ? ሰው ጠፋ?»

የኔታ እርጥብ እጃቸውን እያራገፉ፣ «ታጠቢ ልጄ፣ አትፍሪ። የተማረችው እጅ ማስታጠብ ብቻ ነው፤ ልብ ማጠብ ላይ ገና አልደረሰችም» አሉ። ሰው ሳቀ።

አክስቴ አልታጠበችም። የአውቶቡስ ብረት ጨብጣ በመጣችበት እጇ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ በላች። ወጡን ከጣቷ ስትልስ ሊያስመልሰኝ ደረሰ። እናና ውሃውን እንደያዘች መብሉ እስኪያልቅ አጠገቧ ቆመች፤ ሰው ማለፍ አልተማረችማ።

አሁን እንግዳ ሲመጣ እናቴ «ነገር እንዳይመጣ» ብላ ማስታጠቢያውን ለእኔ ታቀብለኛለች። እናና ልትቀበል እጇን ትዘረጋለች። እኔ ቀድሜያት እቀበላለሁ። ከአክስቴ ጣት ይልቅ የሚያቅለሸልሸኝ ይሄ ነው።