በመንዙማ የተገጠመው ካሚዮን

ሪያድ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ስተኩስ፣ ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ለምንም አልጠቀመኝም ነበር።

ፈቃድ የሌላቸው ስደተኞች በሚታፈሱበት ሰሞን ከፊሌ፣ አሠሪዬ፣ አንድ የተፈታታ አሮጌ የአሜሪካ ወታደራዊ ካሚዮን ገዛና ግቢው ውስጥ ከመረው። እኔም ኢቃማ የሚሉት መኖሪያ ፈቃድ የሌለውን የአገሬን ልጅ ሰይድን «መካኒክ ነው» ብዬ አመጣሁለት። ከፊሌም «ረመዳን ሳይገባ ካስነሳው ኢቃማ አወጣለታለሁ። ካልሆነ ከቤቴ ይውጣ» አለ።

ሰይድ ክምሩን ሲያይ ላብ አጠመቀው። «እማማ፣ እኔ እኮ ጎማ ብቻ ነው የምቀይረው!»

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

ከካሚዮኑ ጋር የመጣው የመገጣጠሚያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰይድ ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቅም። መካኒክ የተባለ ሰው መጽሐፍ ሲያገላብጥ ከታየም ጉዳችን ፈላ። ስለዚህ መጽሐፉን በሻርፔ ሸፍኜ አጠገቡ ተቀመጥኩና ወደ አማርኛ እየመለስኩ በወሎ መንዙማ ዜማ አወርድለት ጀመር፦ «ካንዴላውን አጥብቀው፣ ቺንጊያውን ሳብ አድርገው...»

ሰይድም በዚያው ዜማ ይቀበለኛል፦ «ቀስ በይ እማማ፣ ገና ሁለተኛው ብሎን ላይ ነኝ...»

ከፊሌ ቆሞ አዳመጠን። «በአገራችሁ ቋንቋ ዱዓ ነው?» አለኝ። ዜማዬን ቀጠልኩ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ «አሚን» አለ።

ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ። ሰይድ ጎማውን ሳመ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እልል ብዬ ዘለልኩ። ከፊሌም «ኸላስ፣ ኢቃማህን ነገ እጀምርልሃለሁ» አለው።

በማግስቱ የግቢውን በር ስከፍት አምስት የጎረቤት መኪናዎች ኮፈናቸውን ከፍተው ተሰልፈዋል። ሰይድ መፍቻውን ይዞ ብቅ ሲል አንዱ ሽማግሌ በእጁ ገለል አደረገውና ጠየቀ፦

«ዱዓ የምታደርገው ሐጃ የት አለች?»