የአባቴን መኪና ፓራውልት ያስቀባሁ ጊዜ

አባቴ የሥራ ዕድሜውን የጨረሰው በጭነት መኪና መሪ ላይ ነው። ጡረታ ሲወጣ አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ገዛ። እናታችን ከሞተች በኋላ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤታችን የቀረነው እሱና እኔ ነበርን። እኔ አስተምራለሁ፤ ወንድሜ ኮምቦልቻ ይነግዳል። አባቴ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ያጥባል፣ ጁምዓ መስጊድ ይሄድባታል፣ ጎረቤት ሲታመም ሐኪም ቤት ያደርስባታል። ከዚያ ያለፈ ሥራ አልነበራትም። ለእሱ ግን ገና ሰው መሆኑን የሚያውቅባት እሷ ነበረች።

መጀመሪያ የፊቱ የግጭት መከላከያ፣ ፓራውልቱ፣ በግራ ጥጉ ተፋቀ። “የበራችን ግንብ ጠባብ ነው” አለኝ። ግንቡ መኪናዋ ስትገዛም እዚያው ነበር። ቀጥሎ በበሮቹ ጎን የሚሄደው ጥቁር ፕላስቲክ ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። “ባጃጅ ነው የገጨኝ፣ ገጭቶኝ አመለጠ” አለ። እኔ ግን ሻይ ስሰጠው ብርጭቆውን በጣቱ እየዳበሰ እንደሚፈልግ፣ ሰው ሲያናግረውም አንገቱን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ ጠርዝ እንደሚያይ ካስተዋልኩ ቆይቻለሁ። ያለበት የስኳር በሽታ ዓይኑ ላይ ወጥቶ ነበር።

አንድ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ ፓራውልቱ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ፣ በሲባጎ ታስሮ መጣ። ጭጋግ ነበር አለ። ያን ቀን ደሴ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው የዋለው።

“ወንድምሽ ለአረፋ ሲመጣ እንዲህ ሆና እንዳያያት” አለኝ። ወንድሜ ባለፈው ዒድ “ትሸጥ፤ ሰው ሳይገድሉባት” ብሎ እንግዳ ፊት ተናግሮት ነበር።

“ትሠራለች አባ። ከዛሬ ጀምሮ ግን እኔ ነኝ የምነዳው” አልኩት።

ኪሱን ዳበሰ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

የደሴ ብርድና እርጥበት ቀለም ቶሎ አያደርቅም ስላሉን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ኩርባው ሳይደርስ “አሁን ማርሽ ቀንሺ” ይለኛል። መንገዱን አያይም፤ በሰውነቱ ያውቀዋል።

ቀለም ቀቢው በዕድሜ ከአባቴ ጋር የሚቀራረብ፣ ቁጡ ሰው ነበር። ፓራውልቱን ፈትቶ አገላበጠው። “ከዚህ በፊት የቀባው ሰው መያዣ ቀለም ሳያስነካ በባዶው ፕላስቲክ ላይ ነው የለቀቀበት። ለዚህ ነው እንደ ሽንኩርት የሚላጠው” አለ። ስንጥቁን ከኋላ በግለት አያያዘው፤ በስቱኮ ሞላው፤ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ አለሰለሰው። መያዣውን ከቀባ በኋላ ነጩን ነፋበት፤ የጎኖቹን ፕላስቲኮች ደግሞ ጥቁር። አባቴ ጥላው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ የመንፊያውን ድምፅ ሲያዳምጥ ዋለ።

ድምፁ ሲያቆም ተነሥቶ ሄደና መዳፉን ፓራውልቱ ላይ አሳረፈው።

“ኧረ በአላህ! እርጥብ ነው እኮ!” ብሎ ጮኸ ቀቢው።

አባቴ ነጭ የሆነውን እጁን አንሥቶ ቆመ። “ቀለሙ ከመኪናዋ ጋር ገጥሟል?” ብሎ ጠየቀ። መኪናዋ ፊት ለፊቱ ነበረች። ቀቢው እኔን አየኝ፤ ቁጣው ከፊቱ ጠፋ። “ገጥሟል፣ አብሽሩ” አለውና ጨርቅ በቲነር ነክሮ እጁን ይጠርግለት ጀመር። የተነካውንም እንደገና ፈትጎ ቀባው።

ስንመለስ አባቴ አቀበቱ ላይ ተናገረ።

“አይታየኝም። አንቺም ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ አባ።”

“አረፋ ይድረስና ግቢው ውስጥ ሞተሯን አስነሥቼ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ቁልፉን ለአንቺ ነው የምሰጥ። ነጠቁት ከሚሉኝ ሰጠ ይበሉኝ።”

እሺ አልኩት። ቤት እስክንደርስ ሲያጫውተኝ መጣ።

አረፋ አልደረሰልንም። ኮምቦልቻ ያየን ሰው ለወንድሜ ነግሮት ኖሯል፤ አንድ እሑድ የኩታበር ሰው አስከትሎ መጣ። ሰውየው ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ ፓራውልቱን በጣቱ ያንኳኳ ጀመር። መኪናዋ ስትገዛ ጉዳዩን የጨረሰው ወንድሜ ስለነበር በስሙ ናት፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ “ማን ነው መኪናዬን የሚደበድብ?” አለ።

“ገዢ ነው አባ” አለው ወንድሜ።

“ማን ሸጣት?”

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ “ተማክረንበት ነው። እሷም ተስማምታለች። ለምን ይመስልዎታል ኮምቦልቻ ድረስ ወስዳ ያስቀባቻት?” አለው።

አባቴ ፊቱን እኔ ወዳለሁበት አዞረ። “ወላሂ ውሸት ነው! አባ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ትሠራ ያሉኝ?” አልኩ። ወንድሜን ክንዱን ይዤ “እውነቱን ንገራቸው” ብዬ ጮህኩ። እሱ “አሁን ነገር አታብዢ” ብሎ እጄን አስለቀቀና ወደ ገዢው ሄደ።

“እኔ ለአረፋ ነው ያልኩሽ” አለ አባቴ ቀስ ብሎ። “አንቺ ለገበያ ነው ያስዋብሻት።”

የመኪናዋ ድምፅ አስፋልቱ ላይ እስኪጠፋ አዳመጠ፤ ከዚያ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ።

ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ “አሰላሙ ዓለይኩም” እለዋለሁ፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና “ወዓለይኩም ሰላም” ይላል። ሌላ ቃል የለም። ያበሰልኩትን ይበላል፤ ጨው ሲያንሰው ግን ለጎረቤታችን ነው የሚናገረው። ያቺን ጎረቤት እንድታስታርቀን ብልካት “‘ልጄን አልተጣላሁም’ አሉኝ” ብላ ተመለሰች። በሐረጎ አቀበት ላይ ያወራነውን ደጋግሜ አስታወስኩት። መስማቱን ከፊቱ አውቃለሁ፤ ማመኑን ግን አላየሁም።

በሚቀጥለው ክረምት ደከመ። ጎረቤቱን ሁሉ እያስጠራ አውፍ ተባባለ፣ ይቅርታ ተለዋወጠ። ወንድሜንም እጁን ይዞ አውፍ አለው። ሲወጡ አልጋው ሥር ተንበርክኬ፣ “አባ፣ እኔንም አውፍ ይበሉኝ” አልኩት።

“ውሃ” አለ። ቀና አድርጌ አጠጣሁት። ትራሱ ላይ መልሼ አስተኛሁት። ጠበቅኩ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ በኋላ ማንንም ሳያናግር አረፈ።

ለቅሶው ላይ ወንድሜ ሰው ደግፎት ነበር የሚያለቅሰው። በሦስተኛው ቀን ከድንኳኑ ጀርባ ብቻውን አገኘሁትና ለምን እንደዋሸብኝ ጠየቅኩት።

መሬት መሬት እያየ፣ “ሽያጩ የእኔ ሥራ ብቻ ነው ብለው ይረግሙኛል ብዬ ፈራሁ። አንቺን ግን ይወዱሻል። በአንቺ አይጨክኑም ብዬ ነው” አለ።

 ለቀስተኛው ምሳ አልቀረበለትም ነበርና ትቼው ወደ ማጀት ገባሁ።