መምህር አያሌው ያመጡት ሲዲ

ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት የሬዲዮ ጥገና ሱቅ በራፍ ላይ ቆሜ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ከውስጥ የሆነ ነገር ጧ አለና ነጭ ጭስ ተከትሎት ወጣ። ጠጋኙ እጁን እያራገፈ ሲስቅ፣ መንገደኛው በነጠላና በጋቢ አፍንጫውን ሲሸፍን፣ እኔ የቆየ ዘመድ የጠራኝ ይመስል ወደ ጭሱ ተጠጋሁ። የተቃጠለ ካፓሲተር ሽታ ነው፤ የከረመ ዓሣና የነደደ ፕላስቲክ የተደባለቁ የሚመስል፣ ልብስ ውስጥ ከገባ ሳይታጠብ የማይለቅ ሽታ። ሚኒባሱ መጥቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ፤ ገና ማንኩሳን ሳናልፍ ግን ሐሳቤ ቀድሞኝ ፍኖተ ሰላም ገብቶ፣ ከዚያ ከድሮው የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ከጅጋ ወጣ ብላ ካለችው መንደራችን ተነሥቼ ፍኖተ ሰላም ቴክኒክና ሙያ ገባሁ። የደረሰኝ ኤሌክትሮኒክስ ነበር። እናቴ ጎረቤት ልጅሽ ምን ትማራለች ሲላት «የሬዲዮ ትምህርት ነው አሉኝ» ብላ ስለመለሰች፣ መንደሩ ሁሉ አንድ ቀን ዜና ሳነብ እንዳያመልጠው ሬዲዮውን ከፍቶ ይጠብቀኝ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ዜና ማንበቡ ቀርቶ በመጀመሪያው የተግባር ትምህርት ቀን ያነበብኩት የራሴን ውርደት ነበር። በቡድናችን ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ካፓሲተር የሚባለውን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ትንሽ በርሜል የመሰለ ዕቃ ፕላሱንና ማይነሱን አገላብጬ ገጠምኩና መብራቱን ለቀቅኩት። ወዲያው እንደ ጥይት ጮኸ። ወንዶቹ ወንበር እየገለበጡ በበሩ ተጋፍተው ወጡ፤ እኔ ደርቄ ቀረሁ። ጭሱ ገለል ሲል አጠገቤ የቆመ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኪሱ የተቀደደ ካኪ ጋዋን የሚለብሱት ቀጭኑ አሠልጣኛችን፣ መምህር አያሌው።

«እጅሽ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መደንገጡን ጨርሰናል። ፕላሱ በየት በኩል ነበር?»

እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሳለኝ የሚባለው የቡድናችን ቀልደኛ «ቦምቢት» የሚል ስም አወጣልኝ። ወርክሾፑ በር ላይ ብቅ ስል «ራቅ በሉ፣ ቦምቢት መጣች!» ይላል፣ ግቢው ይስቃል። እኔም ሳላስበው መጥረጊያ የምይዝ፣ ጉጠት የማቀብል፣ ዕቃ የማልነካ ሠልጣኝ ሆንኩ። ማንም አትንኪ አላለኝም፤ እጄ ራሱ እምቢ አለ። ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዳችን ከውጭ በሚመጡ ፈታኞች ፊት ለብቻችን ተቀምጠን፣ የግድግዳውን መብራት ወደ አሥራ ሁለት ቮልት አውርዶ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ልንሠራ ነው። ዕቃው እንደ ልብ ስለማይገኝ ለፈተናው የሚታደለው ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያቃጠለ፣ አቃጠለ። እኔም ያለ ሰርተፊኬት ጅጋ ገበያ ላይ ከእናቴ ጋር ስቀመጥ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ከፋሲካ በዓል ስንመለስ መምህር አያሌው ከባሕር ዳር በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ሲዲ ይዘው መጡ። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ አብዛኞቹ ማሽኖች አቧራ ጠጥተው የሞቱ ነበሩ፤ ከሚሠሩት ባንዱ ላይ ሲዲውን ጫኑና ሁላችንም እንደ ንብ ከበብናቸው። ነጭ ሰሌዳ መጣ። ከዳር ባትሪ፣ አምፖል፣ ማብሪያ፣ መብራትን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ተደርድሯል፤ በማውሱ እየጎተቱ ሰሌዳው ላይ ያስቀምጡታል፣ በመስመር ያገናኙታል፣ ማብሪያውን ሲጫኑት የሥዕሉ አምፖል ቦግ ይላል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ማውሱን አንሥተው ከኋላ ለቆምኩት ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ነይ፣ አፈንጂው» አሉኝ።

ወንዶቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ፤ ያንኑ ካፓሲተር ያኔ እንዳደረግኩት አገላብጬ ገጠምኩት፤ ማብሪያውን ተጫንኩ። ማያው ላይ የእሳት ምልክት ታየ፤ ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፣ የሸሸም የለም። አጠፋሁት፤ ደግሜ አፈነዳሁት፤ ከዚያ አዙሬ ገጠምኩትና ዝም ብሎ ሥራውን ሠራ። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ፤ ያስፈራኝ ፍንዳታው ሳይሆን ምን እንደሠራሁ ለማየት ጊዜ ማጣቴ ነበር። አሁን ስህተቴ ፊት ለፊቴ ቆሞልኛል፤ እስኪበቃኝ ላየው እችላለሁ።

ችግሩ ተራው ነው። ሠልጣኙ ብዙ፣ ማሽኑ ጥቂት፣ ተራ ሲደርስ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ከተከራየሁበት ቤት ፊት ለፊት ማመልከቻ የሚጽፉትንና ፎቶ ኮፒ የሚያነሡትን እትዬ ጥሩወርቅን ኮምፒውተርዎን ያስነኩኝ፣ እኔም በጽሕፈቱ ላግዝዎት ብዬ ለመንኳቸው። አላመኑኝም፤ መምህር አያሌው ራሳቸው ሲዲውን ይዘው መጡልኝ።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ካበላሸችብዎ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ካሉማ እሺ» አሉ እትዬ፣ «ግን ይኸ ቫይረስ የሚሉት በሽታ እንዳይጋባብኝ!»

ከትምህርት ስወጣ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ነው። የመሬትና የድንበር ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ባለጉዳዩ ፋታ ሲሰጠኝ የራሴን ሰሌዳ እከፍታለሁ። አንድ ጊዜ ለቀበሌያችን መብራት ይግባልን የሚል ማመልከቻ ሊያስጽፉ ከደጋ ዳሞት የወረዱ አንድ ሽማግሌ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሰው የሚበራ የሚጠፋውን አምፖል ሲያዩ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይኸ የሚበራው የማን ቤት ነው?» አሉኝ።

«የማንም አይደለም አባባ፣ ሥዕል ነው።»

«ሥዕሉ እንዲህ ከበራ» አሉ፣ ወደ እትዬ ዞር ብለው፣ «እንግዲህ እኛም ማመልከቻውን ትተን ሥዕላችንን እናስነሣ።» እትዬ ጥሩወርቅ ከወንበራቸው እስኪወድቁ ሳቁ።

እንዲያ እንዲያ እያልኩ መስመሩን ሁሉ አወቅኩት። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት ማያው ላይ እንደ ተራራና ሸለቆ ሲወጣ ሲወርድ፣ ዳዮዶቹ ሸለቆውን ገልብጠው ተራራ ሲያደርጉት፣ ካፓሲተሩን ባተለቅኩት ቁጥር ተራራው እየተናደ ሜዳ ሲሆን አየሁ። በየመገናኛው ስንት ቮልት መገኘት እንዳለበት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት። መብራት ሲሄድ ደግሞ በወረቀት እሠራና ሲመጣ ከማሽኑ ጋር አስተያየዋለሁ፤ ካልገጠመ እንደገና።

የፈተናው ዕለት የደረሰኝን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ገጠምኩ፣ በየዳሁ፣ ፕላስና ማይነሱን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ፤ ማብሪያውን ተጫንኩት። አልፈነዳም። አልሠራምም። ትንሿ ማሳያ መብራት ጨለማ ናት። ፈታኙ ሰዓታቸውን አዩ፤ ደሳለኝ ከጎን ጠረጴዛ ሰረቅ አድርጎ አየኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ ቀረ። መምህር አያሌው መናገር ስለማይፈቀድላቸው መስኮቱ ሥር ቆመዋል።

ልነሣ አሰብኩ። ከዚያ መለኪያውን አነሣሁ። ከዳዮዶቹ በኋላ ወደ ሃያ ቮልት መገኘት አለበት፤ አለ። ያው ሃያ ቮልት መስመሩን ተከትሎ ቮልቱን አሥራ ሁለት ላይ የሚይዘው የመጨረሻው ባለ ሦስት እግር ዕቃ ዘንድ መድረስ አለበት፤ የለም። እንግዲህ የጠፋው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው አንዷ ብየዳ ሽቦውን አቅፋዋለች እንጂ አልያዘችውም። ሲዲው ይኼን አልነገረኝም ነበር፤ እዚያ ውስጥ ያገናኙት ሁሉ ተገናኝቶ ይቀራል፣ በእጅ የሠሩት ግን የተገናኘ መስሎ ሊያታልል ይችላል። መበየጃውን አግዬ ያቺን ነጥብ እንደገና አቀለጥኳት፤ ማብሪያውን ተጫንኩ። መብራቷ በራች፤ መለኪያው አሥራ ሁለት አለ።

ውጭ ስወጣ መምህር አያሌው ጎበዝ አላሉኝም። «የቱ ጋ ነበር?» ብቻ አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። በዚያው ክረምት ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ እኔ መንደር ነበርኩና ሳልሰናበታቸው ቀረሁ። ከዓመታት በኋላ፣ እኔም አሠልጣኝ ከሆንኩ ወዲያ፣ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ደሳለኝን አገኘሁትና ገና ሳንሳሳም «መምህር አያሌውን አልሰማሽም እንዴ?» አለኝ። አርባቸው እንኳ ወጥቶ ነበር። መሐል መንገድ ላይ ቆመን፣ ገበያተኛው እየገፋን፣ ሁለታችንም አለቀስን።

ዛሬ ተማሪዎቼ የየራሳቸው ላፕቶፕ አላቸው፤ ሶፍትዌሩም ከያኔው መቶ እጅ ያማረ ነው። እያንዳንዱ ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ለብቻው ይሠራል፣ ለብቻው ይሳሳታል፣ ማንም ሳያይ ያርማል። አልከፋም። ግን ከዚያ ከአንዱ ማያ ፊት ተገፋፍተን፣ የአንዱ ትንፋሽ በአንዱ ማጅራት ላይ፣ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ!» እያልን የተጯጯህንበትን ክፍል ለማንም ልሰጠው አልችልም። እኔ ራሴም አልፎ አልፎ የሠራሁት አልሠራ ሲል ተማሪዎቹ በአክብሮት ፈንጠር ይላሉ፤ መምህርቷ ታውቀዋለች ብለው። አንዳንዴ አላውቀውም። ቀና ብዬ የምጠይቀው ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም፤ መለኪያውን አንሥቼ ከመጀመሪያው ነጥብ እጀምራለሁ።