ቁስል ያልነበረው ወታደር

ባለፈው ሳምንት ከወሎ ሰፈር ወደ ሃያ ሁለት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ብቻውን ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ። ተሳፋሪው ፊቱን አዞረበት፤ ረዳቱም ሊያስወርደው ዳዳው። "ተወው የኔ ልጅ፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ" አልኩት። ሰውየው ቀስ በቀስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የእኔ ሐሳብ ግን ከታክሲው ወርዶ ሩቅ ሄደ።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ አዲስ አበባ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስታማሚ ነበርኩ። ሥራዬ ማጠብ፣ ማብላት፣ የተቆጣውን ማባበል ነው። በደርግ ዘመን ጦርነቱ ሲበረታ የጤና ሠራተኛ ሲለቀም እኔም ተጠራሁና ሰሜን ውስጥ በድንኳን የተሠራ የጦር ሜዳ ሕክምና ጣቢያ ተመደብኩ። እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ ከጓደኞቼ ጋር መንገድ ላይ በጥብጠን ጨረስነው። አገሩ ሐሩር ነው፤ ነፋሱ አሸዋ እያመጣ ሻያችን ውስጥ ይጨምርብናል።

አንድ ቀን ተሾመ የሚባል ወታደር አመጡ። ገላው ላይ ጭረት እንኳ የለም። አይናገርም፣ አይበላም፤ እጆቹ ብቻ ይንቀጠቀጣሉ። የጦር ክፍሉ የፖለቲካ ካድሬ ተከትሎት ገባ።

"ጓድ ዶክተር፣ ይሄ አስመሳይ ነው። ለሌላው መቀጣጫ ይሁን።"

መቀጣጫ ማለት በጓዶቹ ፊት መረሸን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እንቅልፍ ካየ የሰነበተው ዶክተራችን ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ እንዲህ ያለ ሰው አይተሻል። እያስመሰለ ነው?"

"አላውቅም ዶክተር። እኔ ጋ ይቆይና ላብላው" አልኩ።

ካድሬው ሳቀ። ዶክተሩ ግን "ይቆይ፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው" አለ።

ኮቾሮ የሚባለውን ድንጋይ የመሰለ የወታደር ብስኩት በሻይ እያራስኩ አጎርሰው ጀመር። አንዳንዴ ይውጠዋል፣ አንዳንዴ ይተፋዋል። ቁስለኛ ሳጥብ አጠገቤ አስቀምጬ ስለ እናቴ፣ ስለ ሰፈራችን፣ ስለማይረባው ሁሉ አወራለታለሁ። ሆስፒታል የለመድኩት ይህንኑ ነው፤ መልስ ሳይጠብቁ ማውራት።

አንድ ከሰዓት ፋሻ ሳጥብ እጄን ያዘኝ።

"ወንድሜን የት ቀበራችሁት?"

"የቱን ወንድምህን?"

"ታናሼን። አንድ ምሽግ ውስጥ ነበርን። ዞር ስል የለም።"

ዶክተሩን ጠራሁት። መጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለና ተሾመ እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ተሾመ አለቀሰ። በማግስቱ ካድሬው ሲመለስ ተሾመ ቁስለኛ በጫነ መኪና ወደ ኋላ ተልኳል፤ ዶክተሩ ፈርሞለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩ ራሱ ወደ ፊተኛው መስመር ተዛወረ። ምክንያቱን ማንም አልነገረንም፤ ካድሬው ግን በጣም ደስ ብሎት ነበር።

ተሾመ አገሩ ይግባ አይግባ እስከ ዛሬ አላውቅም። የወንድሙንም መቃብር ልነግረው አልቻልኩም።

ልጆቼ ስለዚያ ጦርነት ሲያነሡ ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ እያሉ ይከራከራሉ። እኔ የዶክተሩን ጥያቄ አስባለሁ። ካድሬውን ፈርቼ "አዎ፣ እያስመሰለ ነው" ብል ኖሮ የሚወቅሰኝ አልነበረም። ያኔ "አላውቅም" ማለቴ አሳፍሮኝ ነበር። ሰው ያተረፈ ቃል መሆኑ የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው።