የእማማ ማርታ ጥጃና የአፍ መክፈቻዬ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሚዛን ተፈሪ አጠገብ ባለች ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ፣ ኃላፊያችን አቶ ደሳለኝ መርፌ፣ ጉጠት፣ አዮዲንና የብረት አፍ መክፈቻ አስረከቡኝ። «አፉን ከፍተህ ሳታይ ስለ ጥጃ አታውራ» አሉኝ። ሌላም ነገር ብለው ነበር፤ እኔ ግን አዲሱን ነጭ ጋዋኔን እያየሁ አልሰማሁም።

በዚያ ሰሞን የጥጆች የአፍ በሽታ ገብቶ ነበር። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ገና የሚጠባውን ይይዛል። ጉንጩ ያብጣል፤ ምላሱና ድዱ ላይ አይብ የመሰለ ነገር ይጋገራል። ጥጃው መጥባት ያቅተውና በረሃብ ይሞታል።

እኔም በቡናው ጥላ ሥር ከቤት ቤት እየዞርኩ ያገኘሁትን ጥጃ ሁሉ አፍ ከፈትኩ። ጤነኛውንም «ለማንኛውም ልየው» እያልኩ። ሰው «ዶክተር» ሲለኝ፣ አለመሆኔን ለመናገር አልቸኮልኩም። አንድ ሽማግሌ ብቻ «የኔ ጥጃ አፉን የሚከፍተው ለጡት ነው» ብለው በዱላ መለሱኝ።

በሳምንቱ እማማ ማርታ የሚባሉ ባልቴት ክሊኒኩ ድረስ መጡ። ያላቸው አንዲት ላም ናት። የአገራችን ላም ደግሞ ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተቷን አታወርድም፤ ጥጃው ከሞተ የቤቱ ወተት አበቃ ማለት ነው።

«ልጄ፣ ያየኸው ጥጃዬ መጥባት አቆመ» አሉ። «ከኔ በፊት የማንን ነበር ያየኸው?»

«የጎረቤትዎን፣ የታመመውን።»

«ከኔስ ቀጥሎ?»

ነገርኳቸው።

«እሱም ታሟል። በዱላ የመለሱህ ሰውዬ ጥጃ ግን ይኸው ሲቦርቅ ይውላል። በሽታው ቤታችንን ያወቀው ባንተ ነው።»

ተናደድኩ። መዝገቤን ስገልጥ ግን ክው አልኩ፤ የታመሙት እኔ በዞርኩበት ቅደም ተከተል ነበር።

አቶ ደሳለኝ ዘንድ ገብቼ ተናዘዝኩ። «መክፈቻውን በየጥጃው መሃል ቀቅል ብዬህ አልነበር?» አሉ።

«አልሰማሁም።»

«ጋዋኑ ጆሮህን ሸፍኖት ይሆናል» አሉና መድኃኒት ሰጥተው ላኩኝ።

አምስት ቀን ጠዋት ጠዋት ተመላለስኩ። ቁስሉን በአዮዲን እጠርጋለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፤ እማማ ማርታ የእናቱን ወተት አልበው በጠርሙስ ያጠጡታል። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በስድስተኛው ቀን ጥጃው የእናቱን ጡት በግንባሩ ጎሸም አድርጎ ጠባ። እኔ አለቀስኩ፤ እማማ ማርታ ሳቁብኝ። የታመሙት ሌሎች ጥጆችም ዳኑ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ማርታ ከሩቅ ሲያዩኝ ድስት ይጥዱ ነበር። «ውሃው ሳይፈላ ደጄን አትረግጥም!» ይሉኝ ነበር። ሰፈሩም ከሳቸው ለመደው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በቅርቡ ቴፒ ካምፓስ የምትማረው ልጄ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። በሩቅ አገር ባሕር ዳርቻ፣ አንድ ሐኪም ፔንግዊን የሚባለውን የባሕር ወፍ ጫጩት አፍ ከፍቶ ያንኑ አይብ የመሰለ ነገር በጉጠት ያወጣል።

«አባዬ፣ ያንተ በሽታ!» አለች።

«ወደ ሁለተኛዋ ጫጩት ሲሄድ ጓንቱን ቀየረ?»

መልሳ አየችው። «ቀይሯል።»

«እንግዲያው አለቃውን ሰምቷል» አልኳት።

እናንተም ጥጃ ስትመረምሩ፣ ጤነኛውን አስቀድማችሁ፣ የታመመውን በመጨረሻ እዩ። በመካከሉ ዕቃችሁን ቀቅሉ።